ለ12 በሮች አንድ በረኛ፦ ጎንደር ላይ የሠራነው ራውተር የጉዳይ ጥናት

ነገሩ የጀመረው በአንድ ሊንክ ነው። የፋሲል ግቢን ለረጅም ዓመታት ሲያስጎበኙ የኖሩ፣ እኛ «ጋሼ» የምንላቸው አስጎብኚ፣ ከድረ ገጻችን የእምቢልታ በርን ገጽ ከፍተው አድራሻውን ለአንድ እንግዳ በቴሌግራም ላኩለት። እንግዳው ሲነካው «ገጹ አልተገኘም» የሚል ባዶ ገጽ መጣበት። በእሳቸው ስልክ ላይ ግን ገጹ ከነፎቶው ተከፍቶ ይታያል። ስልኩን እንደያዙ ፒያሳ ወዳለው ክፍላችን መጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ እኔ ዘንድ በሩ ክፍት ነው፤ እንግዳዬ ዘንድ ዝግ ነው። አንድ በር እንዴት ሁለት ይሆናል?» አሉኝ።

ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ግማሽ መልስ ነበር። ሙሉውን ለማግኘት ራውተሩን፣ ማለትም የትኛው ገጽ እንደሚታይ የሚወስነውን የድረ ገጹን ክፍል፣ ሁለት ጊዜ አፍርሰን መሥራት ነበረብን። የት እንደተሰናከልንና እንዴት እንደተቃናን ከሥር ከሥሩ ልጻፈው፤ በአማርኛ አድራሻ የሚሠራ ድረ ገጽ ለመገንባት የሚያስብ ሰው እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይወድቅ እፈልጋለሁ።

ሥራው ምን ነበር

ሦስት ሆነን አነስተኛ የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ (በብራውዘር ውስጥ በሚሠራው በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈ፣ ድረ ገጽ የሚገነባበት መሠረት) እየሠራን ነበር። የመጀመሪያ መፈተኛው እንዲሆን የመረጥነው የፋሲል ግቢ የጎብኚዎች መመሪያ ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር የታጠረ ነው። ቅጥሩ 12 በሮች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱ ስምና የራሱ ባለመብት ነበረው። ወምበር በር የዳኞች፣ እምቢልታ በር የሙዚቀኞች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ በር ነው። ለእያንዳንዱ በር አንድ ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ አድራሻ እንዲኖረው አሰብን። አድራሻዎቹም በአማርኛ ፊደል እንዲጻፉ ወሰንን፤ የበሮቹን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ለማናችንም ደስ አላለንም።

ራውተር ስል ዋይፋይ የሚሰጠውን ሣጥን ማለቴ አይደለም። በተለመደው አሠራር አንድ ሊንክ ሲነካ ብራውዘሩ ሰርቨሩን (ገጾቹ የተቀመጡበትን ኮምፒውተር) አዲስ ገጽ ይጠይቃል፤ የድሮው ገጽ ይጠፋል፣ አዲሱ ይመጣል። እንደኛ ባለው ፍሬምወርክ ግን ገጹ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫንና ከዚያ በኋላ ይዘቱን የሚቀያይረው ጃቫስክሪፕት ነው። ይህ ፍጥነት ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ብራውዘሩ ሰውየው የት እንደቆመ አለማወቁ ነው። አድራሻው አይለወጥም፣ የመመለሻው ቁልፍ ከድረ ገጹ ያስወጣል፣ ገጹን ለሌላ ሰው መላክ አይቻልም። በብራውዘሩ ውስጥ ያለው ራውተር ይህን ጉድለት የሚሞላው ክፍል ነው፤ አድራሻውን አንብቦ የትኛው ገጽ እንደሚታይ ይወስናል፣ ገጹ ሲለወጥም አድራሻውንና የጉዞውን ታሪክ ያስተካክላል።

ዝግጁ የሆነ ለምን አልወሰዳችሁም የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልናል። ሪአክት ራውተር የተሠራው ለሪአክት ነው፣ ቪው ራውተርም ለቪው። ሁለቱም ከእናት ፍሬምወርካቸው ጋር የተሳሰሩ ስለሆኑ ነቅሎ ወደ ሌላ ማዛወር ከአዲስ መሥራት የቀለለ አልነበረም።

ከሃሽ ወደ ሂስትሪ

የመጀመሪያው ራውተራችን በሃሽ ምልክት (#) የሚሠራ ነበር። በአድራሻ ውስጥ ከሃሽ ምልክቱ በኋላ ያለው ጽሑፍ ወደ ሰርቨር አይላክም፤ እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሰርቨሩ ምንም ማወቅ ሳያስፈልገው የበሩን ስም ከሃሹ በኋላ እየጻፍን፣ ለውጡን የሚነግረንን ክስተት እያዳመጥን ገጾቹን ቀያየርን። በሁለት ቀን አለቀ፤ ያለምንም እንከንም ሠራ።

የተውነው በሁለት ምክንያት ነው። ሃሽ ከጥንትም የተሰጠው ሥራ በአንድ ገጽ ውስጥ ወዳለ ክፍል ማድረስ ነው፤ እኛ ለገጽ አድራሻ ስንወስደው በረጅሙ ጽሑፍ ውስጥ ወደ ንዑስ ርዕስ መላክ አቃተን። ሁለተኛው ይበልጥ የከነከነን ነው። ሊንኩ በቴሌግራም ሲላክ አብሮት የሚታየው ትንሽ ቅድመ እይታ የሚዘጋጀው ከሰርቨሩ በሚመጣው ነገር ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ከሃሽ በኋላ ያለውን አያይም። ስለዚህ የየትኛውም በር ሊንክ ቢላክ የሚታየው የመነሻው ገጽ ሥዕል ነበር። 12ቱም በሮች አንድ መልክ ያዙ።

ወደ ሂስትሪ ኤፒአይ፣ ማለትም ብራውዘሩ የጉዞ ታሪኩን በኮድ እንድንቆጣጠር ወደሚሰጠን መሣሪያ፣ ተሻገርን። ሦስት ነገሮች አሉት፦ አዲስ አድራሻ በታሪኩ ላይ የሚደርበው ፑሽስቴት፣ ያለውን በቦታው የሚተካው ሪፕሌስስቴት፣ ሰውየው ወደኋላ ወይም ወደፊት ሲል የሚነቃው ፖፕስቴት። ፑሽስቴት አድራሻውን ብቻ ይለውጣል፤ ሰርቨሩን አይጠይቅም፣ ፖፕስቴትንም አይቀሰቅስም። ይህን የመጨረሻውን ሳናውቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት አባከንን፤ አድራሻው ይለወጣል፣ ገጹ ግን አይንቀሳቀስም። አድራሻውን ከለወጥን በኋላ ገጹን መሳል የራሳችን ኃላፊነት መሆኑን የተረዳነው ከዚያ ወዲህ ነው።

የጋሼ ጥያቄ የመጣው በዚህ ደረጃ ላይ ሳለን ነው። እሳቸው ከመነሻው ገጽ ገብተው ሊንክ ሲነኩ አድራሻውን የለወጠው ራውተሩ ነበር፤ ሰርቨሩ ስለ እምቢልታ በር የሰማው ነገር የለም። እንግዳው ግን በቀጥታ ሰርቨሩን «የእምቢልታ በርን ገጽ ስጠኝ» ብሎ ጠየቀ። በሰርቨሩ ላይ በዚያ ስም የተቀመጠ ፋይል ስለሌለ «የለም» አለው። መፍትሔው ሰርቨሩን ማስተማር ነው፤ የተጠየቀው ፋይል ከሌለ መነሻውን ኤችቲኤምኤል (የገጹን መሠረታዊ ፋይል) ይስጥ፣ የቀረውን ራውተሩ አድራሻውን አይቶ ይጨርሰዋል።

ይህን እንዳስተካከልን ሌላ ችግር ተወለደ። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ኮንሶሉ (ብራውዘሩ ስህተቶችን የሚጽፍበት መስኮት) ላይ የወጣው የስህተት መልእክት «ያልተጠበቀ ምልክት» ብሎ የሚጠቁመው የኤችቲኤምኤል መክፈቻ የሆነችውን የማዕዘን ቅንፍ ነው። ጃቫስክሪፕት በሚጠበቅበት ቦታ ኤችቲኤምኤል ምን ያደርጋል? የኮዱን ፋይል በመነሻው ገጽ ላይ የጠራነው ከፊቱ ስላሽ (/) ሳናደርግ ነበር። ሰውየው «በሮች» ከሚለው ክፍል ሥር ካለ አድራሻ (እንደ /በሮች/እምቢልታ-በር) በቀጥታ ሲገባ ብራውዘሩ ፋይሉን የሚፈልገው በዚያው በበሮች ሥር ነው። እዚያ የለም፤ ሰርቨሩ ደግሞ በአዲሱ ትምህርቱ መሠረት የሌለውን ፋይል ሁሉ በመነሻው ኤችቲኤምኤል ይመልሳል። አንዲት ስላሽ ጨመርን፤ ሰርቨሩም ለኮድና ለሥዕል ፋይሎች ከሌሉ «የለም» እንዲል አደረግነው።

የፊደሉ ጉዳይ

ከሁሉም በላይ የደከምንበትና ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ) የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ያንን ቁጥር ኮምፒውተር በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ ቁራጭ) ይወስዳል፤ በአድራሻ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት የመቶኛ ምልክትና ሁለት ምልክቶች ሆኖ ይጻፋል። አንድ ፊደል 9 ምልክት ሆነ ማለት ነው። «ጎንደር» የሚለው ባለ 4 ፊደል ቃል 36 ምልክት ይሆናል፤ «ደብረ-ብርሃን-ሥላሴ» ከነሁለት ሰረዙ 92። ብራውዘሩ በአድራሻው ሣጥን ውስጥ ለዓይን በአማርኛ ያሳየዋል፤ ለራውተሩ የሚያስረክበው ግን ያንን ረጅም የመቶኛ ሰንሰለት ነው። ራውተራችን የተመዘገበውን «እምቢልታ-በር» ከዚህ ሰንሰለት ጋር እያስተያየ «አላውቀውም» ይል ነበር።

ፈትቶ ማንበብ ቀላል ይመስላል፤ ቅደም ተከተሉን ከሳቱት ግን ያስታል። አድራሻውን መጀመሪያ በስላሽ መቆራረጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ መፍታት ይገባል። መጀመሪያ ከተፈታ በስም ውስጥ ተሰውሮ የመጣ ስላሽ እውነተኛ መለያያ መስሎ ስሙን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ሊንኩ ሲገለበጥ መጨረሻው ከተቆረጠም ከ3ቱ ባይቶች ሁለቱ ብቻ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ያኔ መፍቻው ተግባር ስህተት ይወረውራል። ስህተቱን የሚይዝ ኮድ ስላልነበረን አንድ የተቆረጠ ሊንክ ሙሉውን ድረ ገጽ ጥሎት ያውቃል። አሁን የተበላሸ ቁራጭ ሲመጣ ራውተሩ «ገጹ አልተገኘም» ወደሚለው ገጽ ይመራና ከሥሩ የበሮቹን ዝርዝር ያቀርባል።

ቀጥሎ የመጣው ከማንም መጽሐፍ የማናገኘው ነበር። አድራሻውን ሰዎች በእጃቸው ይጽፉታል፤ ሲጽፉት ደግሞ እያንዳንዱ በለመደው ፊደል ነው። «ብርሃን» የሚለውን ቃል ውሰዱ። መካከለኛው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀና በኃ ሊጻፍ ይችላል። «ሥላሴ» ላይ መነሻውም መድረሻውም በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ሊጻፉ ይችላሉ። ሁሉም የተመሰከረለት አጻጻፍ ባይሆንም፣ 6 በ2 በ2 ሲባዛ አንድ ዓይነት የሚነበቡ 24 አድራሻዎች ይሆናሉ። እኛ የመዘገብነው አንዱን ብቻ ነው። የ23ቱን ጸሐፊዎች «የለም» ብሎ መመለስ ለእኔ ስድብ ነው፤ ሰውየው የጻፈው ቋንቋውን ነው።

እኔ ያቀረብኩት መፍትሔ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ነበር። ዩኒኮድ ፊደሎቹን በቤተሰብ በቤተሰብ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተርታ ስላስቀመጣቸው ሥራው የመደመርና የመቀነስ ያህል ነው። የሠ ቤተሰብ ቁጥር ላይ 16 ሲደመር ሰ ይሆናል። ከሐመሩ ሐ 16፣ ከብዙኀኑ ኀ 128 ሲቀነስ ሃሌታው ሀ ላይ ይደርሳል። ከዐይኑ ዐ 48 ሲቀነስ አልፋው አ፣ ከፀሐዩ ፀ 8 ሲቀነስ ጸሎቱ ጸ ይገኛል። በዚህ ላይ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ አንድ ይሁኑ። አጭር ኮድ ነው፤ በመጻፌም ኮርቼ ነበር።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ያደጉ ሰው ናቸው።

«በግዕዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌብነት ነው። አንተ ሁለቱን አንድ አድርገህ ልትጽፍ ነው? ፀሐይዋን ሌባ ልታደርጋት?»

ከዚያ ቀጥሎ የተናገሩት የራውተሩን ንድፍ ለወጠው። «የመጣውን ሁሉ ተቀበል፤ እንግዳ አይመለስም። ገብቶ ሲቀመጥ ግን ትክክለኛው ስሙ ይጻፍለት።»

እንደዚያው አደረግነው። ወደ አንድ የመጣው ፊደል ማንም የማያየው ቁልፍ ነው፤ ለፍለጋ ብቻ ያገለግላል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጎን የተጠናው አጻጻፍ በሙሉ ክብሩ ተቀምጧል። ሰውየው «ስላሴ» ብሎ ቢመጣ ገጹ ይከፈትለታል፤ አድራሻው ግን ወዲያው ወደ «ሥላሴ» ይታረማል። ይህ ለበሮቹ ሁለተኛ ስሞችም ጠቀመን። ራስ በር የቋረኞች በር ተብሎም ይጠራል፣ እርግብ በርም ቀጭን አሸዋ በር ይባላል፣ ፊት በርም ጃን ተከል በር። እነዚህ በፊደል ሒሳብ የማይገኙ ስለሆኑ ለብቻቸው ተመዘገቡ።

እርማቱ የሚደረግበት መንገድ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በፑሽስቴት ነበር የምናርመው። የቋረኞች በር ብሎ የገባ ሰው ወደ ራስ በር ይታረማል፤ ወደኋላ ሲጫን የቋረኞች በር ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ ራውተሩ እንደገና ወደ ራስ በር ይገፋዋል። አሥር ጊዜ ቢጫን ከዚያች ገጽ አይወጣም። በሪፕሌስስቴት ስንተካው የተሳሳተው አድራሻ ከታሪኩ ውስጥ ስለሚጠፋ ሰውየው ወደመጣበት በሰላም ይመለሳል። ሰውን መውጫ ማሳጣት የራውተር ትልቁ በደል ይመስለኛል፤ ስለዚህ ይህን ፈተና ከማንኛውም አዲስ ስሪት በፊት በእጃችን እንፈትነዋለን።

ወደኋላ መመለስ

የበሮቹ ዝርዝር በስልክ ላይ ረጅም ነው። አንዲት ተማሪ ስትሞክረው ከጎኗ ተቀምጬ አየሁ። እስከ 10ኛው በር በጣቷ ወርዳ ራስ በርን ከፈተች፣ አነበበች፣ ተመለሰች። ዝርዝሩ ከላይ፣ ከፊት በር ጀመረ። እንደገና ወረደች፣ 11ኛውን ከፈተች፣ ተመለሰች፤ እንደገና ከላይ። በሦስተኛው ስልኩን ዘጋችው። ምንም አላማረረችም፤ ዝምታዋ ግን ከየትኛውም የስህተት መልእክት በላይ ነገረኝ።

ብራውዘር ወደኋላ ሲመለስ የነበሩበትን ከፍታ በራሱ ለመመለስ ይሞክራል። የእኛ ዝርዝር ግን ከሰርቨር እስኪመጣ ድረስ ገጹ አጭር ነው፤ ብራውዘሩ የሚወርድበት ቦታ ስለማያገኝ ከላይ ይቀራል። ስለዚህ የስክሮል መመለሱን ሥራ ከብራውዘሩ ተረክበን በእጅ አደረግነው። ሰውየው ከገጽ ከመልቀቁ በፊት ከፍታው ይመዘገባል፤ የሚመዘገበው ግን በአድራሻው ሳይሆን ለዚያ የታሪክ እርምጃ በተሰጠ መለያ ነው፤ ያው አድራሻ በአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ሊጎበኝ፣ ሁለት የተለያየ ከፍታ ላይ ሊተው ይችላልና። መለያው ከታሪኩ ጋር፣ ከፍታው በሴሽን ስቶሬጅ (ትሩ እስኪዘጋ በሚቆየው የብራውዘሩ ማከማቻ) ይቀመጣል። ወደኋላ ሲመለስ ይዘቱ ተስሎ እስኪያልቅ ጠብቀን እናወርደዋለን። በአዲስ ሊንክ ሲሄድ ግን ከላይ ይጀምራል።

ሌላው በዝግተኛ ኔትወርክ የተጋለጠ ነው። አንድ ጎብኚ ባልደራስ በርን ነካ፤ ዘገየ። ተስፋ ቆርጦ እምቢልታ በርን ነካ፤ ይህኛው ቶሎ መጣ። ማንበብ እንደጀመረ የዘገየው የባልደራስ መልስ ደረሰና ገጹን ወረሰው፤ አድራሻው እምቢልታ፣ ይዘቱ ባልደራስ። አሁን ለእያንዳንዱ ጉዞ ተራ ቁጥር እንሰጣለን፤ አዲስ ጉዞ ሲጀመር የድሮው ጥያቄ አቦርት ኮንትሮለር በሚባለው የብራውዘሩ መሣሪያ ይቋረጣል፤ አምልጦ የደረሰ መልስ ቢኖርም ቁጥሩ የመጨረሻው ካልሆነ አይሳልም።

የሊንክ ጠቅታን ስለመያዝ ብዙ አልልም። አንድ አዳማጭ በሙሉ ገጹ ላይ ይበቃል፤ የተነካው በሊንኩ ውስጥ ያለ ፎቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ላይ እየወጡ ሊንኩን መፈለግ ያስፈልጋል። ሰውየው በአዲስ ትር ለመክፈት ኮንትሮልን ይዞ ከተጫነ፣ ሊንኩ ወደ ሌላ ድረ ገጽ ወይም ወደሚወርድ ፋይል ከሆነ ራውተሩ እጁን ይሰብስብ። የአድራሻ ቅርጾች ሲጋጩም ቋሚው ስም ከተለዋዋጩ (ማንኛውም የበር ስም ከሚገባበት ቦታ) ይቀድማል፤ አለበለዚያ በበሮች ሥር ያለው «ካርታ» የበር ስም ተደርጎ ይፈለጋል።

በስክሪን ሪደር (ገጹን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም አንድ ማየት የተሳነው ሰው ግን ሊንክ ነክቶ ምንም ሳይሰማ እንደቀረ ነግሮናል። ገጹ በእውነት ስላልተጫነ ፕሮግራሙ የሚያውጀው ነገር አላገኘም። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የገጹን ርዕስ እንለውጣለን፤ ትኩረቱንም ወደ ዋናው አርዕስት እናዛውራለን። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብን፤ ስላላደረግን አዝናለሁ።

አሁን ያለበት

ራውተሩ እየሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ክሮም ላይ የመጣው ናቪጌሽን ኤፒአይ በእጃችን ከሠራነው ብዙውን ያቀልላል፤ ነገር ግን ጎብኚዎቻችን የያዟቸው ስልኮች ብዙዎቹ አሮጌ ስለሆኑ ለጊዜው በሂስትሪ ኤፒአይ ቆይተናል።

ጋሼ በደብተር የአጻጻፍ ልዩነቶችን እየሰበሰቡልን ነው። ሰዎች ስሞቹን ሲጽፉ አጠገባቸው ቆመው ያዩና ይመዘግባሉ፤ ወምበርና ወንበር፣ ቋረኞችና ቁዋረኞች። ባለፈው ሳምንት መጥተው ደብተሩን ከፈቱና በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ አንድ ቃል አሳዩኝ። ስንት ቀን የደከምንበት የፊደል ሠንጠረዥ ጎ እና ጐን እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት ነበር የሚያያቸው። በዩኒኮድ የሚለያያቸው 2 ቁጥር ብቻ ነው፤ ቆ እና ቈ፣ ኮ እና ኰም እንዲሁ።

የከበቡት ቃል «ጐንደር» ነበር። እዚያው ቁጭ ብለው ሳሉ አስተካከልነው።